የጠፋችው «አት»

«ይሄ ወረቀት እኔ ጋ አልደረሰም» አለ የጋራዡ ኃላፊ። «አልደረሰም ማለት አልደረሰም ነው። ገባህ?»

«ሦስት ናቸው እኮ፣ ጌታዬ» አለ ጸሐፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሦስቱም ላይ ፈርመዋል።»

«እንግዲያውስ ሦስቱም አልደረሱም።»

ሬዲዮ ሠሪው ይህን የሰማው ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ማዶ፣ የሽቦ መበየጃው እስኪግልለት ሲጠብቅ ነው። ሊሰማ ብሎ አልነበረም። ግድግዳው ስስ ነው፤ እሱ ደግሞ ሳይፈልግም የሚሰማ ሰው ነው። በጋራዡ ውስጥ ስሙን የሚያስታውሰው የደመወዝ መዝገቡ ብቻ ሲሆን ሰዉ ሁሉ «ጆሮ» ይለዋል። መኪና በር ላይ ሲደርስ ድምፁን ሰምቶ የቱ ጋ ምን እንደላላ ይናገራል። ይህን ትምህርት ቤት አላስተማረውም፤ የተጣሉ ሬዲዮኖችን እየፈታ፣ እየገጠመ፣ ሲያቅተውም እየጸለየ ነው የለመደው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» እያሉ ይተርቡታል፣ የሰው መኪና ሲያዳምጥ ስለ ራሱ የሚወራውን መጨረሻ የሚሰማው እሱ ነው ለማለት። ዛሬ ግን ስለ ገዛ ሥጋው ሲወራ መጀመሪያ የሰማው እሱ ሆነ።

ወረቀቶቹ የታናሽ ወንድሙ ነበሩ። ወንድሙ የገልባጭ መኪና ሾፌር ነው፤ ከድንጋይ ካባው ኮረት ያመላልሳል። በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ «የመኪናዬ ሬዲዮ ይጮኻል፣ የሚነገረኝን ለይቼ መስማት አልቻልኩም» ብሎ በጽሑፍ አመልክቷል። የዛሬ አሥራ አንድ ቀን ካባው አፍ ላይ ቆሞ፣ ልግባ ወይ ብሎ በሬዲዮ ጠየቀ። «አትግባ» ተባለ። እሱ የሰማው «ግባ» ነው። ገባ። በጠባቡ መውረጃ ላይ ጭነት የያዘ መኪና ሽቅብ ይመጣ ነበር። ላለመጋጨት ወደ ድንጋዩ ጥግ ሲሸሽ፣ እጁን እያወዛወዘ መንገድ የሚያሳየውን ጠቋሚ ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። የጠቋሚው እግር ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት አጣሪ ኮሚቴው ይቀመጣል። ወንድሙ ሰምቶ እምቢ ብሎ ከሆነ ከሥራ ይባረርና ፋይሉ ለፖሊስ ይተላለፋል። አልሰማም ከተባለ ግን ጥፋቱ የሬዲዮው ነው፤ የሬዲዮው ጥፋት ደግሞ ማመልከቻውን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ያስተኛው ሰው ጥፋት ነው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ትናንት ጆሮን ለብቻው አስጠርተውት ነበር። «ወንድምህ እንደሆነ አውቃለሁ» አሉት። «ግን ስለ አንተ ያልጠየቅሁት ሰው የለም። ውሸት አያውቅም አሉኝ። ሬዲዮውን መርምርና ጉዱን ንገረን። እኛም በጆሯችን እንሰማዋለን። አደራ፣ አንድም ነገር እንዳትቀይር።» እሱም አንገቱን ደፍቶ «እሺ» አለ። አደራ የምትለዋን ቃል የሚፈራ ሰው ነው።

ወንድማማቾቹ የሚኖሩት በአንድ ግቢ፣ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ክፍሎች ነው። አደጋው ከደረሰ ወዲህ በግቢው ውስጥ ስለ አደጋው ተወርቶ አያውቅም። የወንድሙ ሚስት ስለተደፈነው ቦይ ታወራለች፤ ዳቦ በፊት በሁለት እጅ ይያዝ እንደነበር፣ አሁን በመዳፍ ተጨብጦ እንደሚጠፋ፣ ዋጋው ግን እንዳልሳሳ ታወራለች። ወንድሙ ጫማውን ይጠርጋል፣ የተጠረገውን ጫማ እንደገና ይጠርጋል። ዛሬ ጠዋት ጆሮ ሊወጣ ሲል የወንድሙ ሚስት የተተኮሰ ሸሚዝ በሁለት እጇ ዘርግታ፣ እንደ ሕፃን ታቅፋ በር ላይ ቆማ ነበር። ወንድሙ ከኋላዋ ሆኖ «ጋሼ፣ እንዳለ ተወው። ምንም አትንካ» አለው። ጆሮ እያንዳንዷን ፊደል ሰምቷል።

ገልባጩ ከጋራዡ በስተጀርባ፣ አሮጌ ጎማ ከተከመረበት ጥግ ቆሟል። የደረቀ ጭቃና ኮረት የለበሰ ነው፤ አደጋው ከደረሰ ጀምሮ ያጠበው የለም። ጆሮ ጋቢና ገብቶ በሩን ዘጋና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ትንሽ ጸለየ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳው። ሬዲዮውን ሲከፍተው ፉጨቱ መጣ፤ ቀጭን፣ እንደ ትንኝ የማይለቅ ፉጨት ነው። ነዳጅ ሲሰጠው ፉጨቱም አብሮ ሽቅብ ይወጣል፣ እግሩን ሲያነሳ አብሮ ይወርዳል። መነጋገሪያውን አነሳ።

«ማዕከል፣ ማዕከል። ሙከራ ነው። እስቲ አንድ ነገር በይ።»

በሬዲዮ የምትመልሰው ሴት ስም አላት። ሾፌሮቹ ቀኑን ሙሉ «ማዕከል፣ ማዕከል» እያሉ ስለሚጠሯት ግን ስሟ ማዕከል ሆኖ ቀርቷል፤ ጎረቤቶቿ ሳይቀሩ እንዲያ ነው የሚሏት።

«ምን ልበል?»

«የመጣልሽን።»

«ሽንኩርት ጨምሮ አደረ። የሰው ልጅ እንኳ በአንድ ሌሊት እንዲህ አያድግም።»

ጆሮ ሳይወድ ፈገግ አለ። ከዚያ የሚፈልገውን ነገራት። አሥር ቃል ትላለች። አምስቱ «ግባ፣ ውጣ፣ ሂድ» ዓይነት፣ አምስቱ ደግሞ «አትግባ፣ አትውጣ፣ አትሂድ» ይሆናሉ። እያደባለቀች ትላቸዋለች፣ ያለችውን እዚያ ትጽፋለች፤ እሱ የሰማውን እዚህ ይጽፋል። ሞተሩ በዝቅታ ሲሠራ አሥሩንም አገኘ። ነዳጅ ሰጥቶ፣ ሾፌር ዳገት ሲጀምር እንደሚያደርገው አስጩኾ ደገመው። ሲያስተያዩት ከአምስቱ «አት» አራቱ ጠፍተዋል። ጆሮ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ብዙ ጊዜ አየው። ፉጨቱ ቃሉን አይበላውም። ድምፁ በፉጨቱ መሀል በር ከፍቶ እስኪገባ ድረስ የመጀመሪያዋ ቁራጭ ውጭ ትቀራለች፣ ሌላ አይደለም። በእኛ አነጋገር ደግሞ ክልከላው ያለው እዚያችው መነሻዋ ላይ ነው። «አት» ከጠፋች ክልክሉ ፈቃድ ይሆናል፤ የተረፈው ቃል አካሉ ሳይጎድል፣ ሳይደናቀፍ፣ ሙሉ ሰው መስሎ ይደርሳል። የሰማ ሰው «እንዴት አልክ?» ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም።

«ስንት ሆነ?» አለች ማዕከል።

«አራቱ ጠፉ።»

«እኔ ግን ብያለሁ» አለች። «በፈጣሪ ፊት፣ አትግባ ብዬዋለሁ።»

«ብለሻል፣ እህቴ። አላልሽም ያለሽ የለም።»

ይኸው ነው፣ አለ ለራሱ። ወረቀት ቢደበቅ ብረቱ አለ። ሰብሳቢው ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው በገዛ ጆሯቸው ይሰማሉ። የቀረው ጉዱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነበር። የዲናሞውን ሽቦ ነቅሎ አየ፤ ፉጨቱ ጠፋ። መልሶ ሰካው፤ ፉጨቱ ተመለሰ። ስለዚህ የሚጮኸው ዲናሞው ነው። ዲናሞ የሌለው መኪና ግን የለም፣ የሌሎቹ ሬዲዮ አይጮኽም፤ የዚህ በምን በር ገባ? ሽቦውን በጣቱ እየተከተለ ወደ ኋላ ሄደ። ኤሌክትሪኩ በሬዲዮው ውስጥ ሥራውን ጨርሶ ወደ መኪናው ብረት የሚመለስባት ሽቦ አለች፤ በጋራዥ ማሳ ይሏታል። ከመቀመጫው ሥር በአንዲት ቡሎን ታስራለች። መቀመጫውን አነሳ። ያሰራት ሰው ቀለሙን ሳይፍቅ ከቀለም በላይ ነው ያሰራት፤ ዓመታት ደግሞ ከቀለሙ ሥር ዝገት አብቅለዋል። መመለሻው ሲዘጋበት ኤሌክትሪኩ የዲናሞውን ጩኸት አዝሎ በሬዲዮው በኩል ይዞራል።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረበት። በቂ ነበር። ግን ዝገት ይሁን ጭቃ በእርግጥ ለማለት፣ «መሰለኝ» ብሎ ላለመመስከር፣ ቡሎኗን ፈታት። በብርጭቆ ወረቀት አንድ ጊዜ ጫር አደረገው። ዝገት ነው። ጠርዙ ላይ ትንሽ ቀርቷል፤ እሷንም ጫር አደረጋት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያ እጅ ዝገት አይቶ አልፎ አያውቅም። አፉ የሚወዳትን መዝሙር በዝግታ ያንጎራጉራል፣ ልቡ ለሰብሳቢው የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ያዘጋጃል፣ እጁ ሥራውን ይሠራል። ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፈገፈገው፣ በጨርቅ ወለወለው፣ ሽቦዋን አስቀመጠ፣ በአሥራ ሦስት ቁልፍ ጥርቅም አድርጎ አሰረው። እጁን በጨርቁ ሲጠርግ ነው ምን እንዳደረገ የገባው።

ሞተሩን አስነሳው። ፉጨት የለም። ነዳጅ ሰጠው። የለም። «ማዕከል» ብሎ ጠራት። «አቤት!» አለች፣ አጠገቡ የተቀመጠች ያህል ጥርት ብላ። «ሠራኸው እንዴ? እጅህ ይባረክ!»

የምሳ ሰዓት ሲደወል ሠራተኛው ሁሉ ወጣ። ጆሮ አልወጣም። ዕድሜውን ሙሉ ጩኸት ሲያጠፋ የኖረ ሰው ዛሬ ጩኸት ሲለምን ዋለ። ቡሎኗን አላላት፤ ሬዲዮው ጭራሹን ሞተ። ጠበቅ አደረጋት፤ ጠራ። ከመሬት የቀለም ቅርፊት ለቅሞ ከሥሯ ሰደደ። ጭቃ በምራቁ አላቁጦ ቀባ። ዝናብና አቧራ በስንት ክረምት የሠሩትን ዝገት እሱ በአንድ የምሳ ሰዓት ከየት ያመጣዋል? ጌታ ሆይ ጩኸቱን መልስልኝ ብሎ ለመጸለይ አፈረ። አንድ ጊዜ ተነስቶ ኮሚቴው ወደሚያርፍበት ክፍል ሄደ፤ ሄዶ «ሳላውቅ ጠርጌዋለሁ» ሊል ነበር። ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ ከውስጥ የኃላፊው ሳቅ ተሰማው፣ «ብሉ እንጂ፣ ምን ነካችሁ» ሲል። እጁን አወረደ፤ ተመለሰ። በመጨረሻ ቡሎኗን ግማሽ ዙር ብቻ ሲያላላት አንድ ድምፅ መጣ። የጠዋቱ ፉጨት አይደለም፤ ኮረት ከቆርቆሮ ላይ ሲፈስ ይመስላል። ግን መነሻዋን ፊደል ይበላል። ጆሮ እጁ ላይ ያለውን ቁልፍ አየ። ነገሩ እውነት ነው፣ ምልክቱ ግን የእኔ ነው፣ አለ። ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወንድሙ የተተኮሰውን ሸሚዝ ለብሶ መጣ። አንገቱ ላይ ያለችውን ቁልፍ እንኳ ቆልፏል።

«ነካካኸው እንዴ?»

«ይጮኻል» አለ ጆሮ።

ጎን ለጎን ቆመው ጎማዎቹን አዩ።

ሰብሳቢው ሰው ሳይደግፋቸው ጋቢናው ላይ ወጡ። ሞተሩ ተነሳ፣ ነዳጅ ተሰጠ። ማዕከል የፈለገችውን እንድትል ተነገራት፤ ያለችውን ጽፎ እንዲይዝ ሌላ የኮሚቴ አባል አጠገቧ ተቀምጧል። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ሲወርዱ «ግባ ነው የምትለው» አሉ፤ ከማዕከል ዘንድ የመጣው ወረቀት ግን «አትግባ» ይላል። ጆሮ የጠዋቱን የአሥር ቃል ወረቀትም ሰጣቸው። አንብበው አንገታቸውን ነቀነቁ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ። «ልጁ እውነቱን ኖሯል።» የወንድሙ ትከሻ ወረደ። ለአሥራ አንድ ቀን ይዞት የከረመውን ትንፋሽ ሲለቀው ጆሮ ሰማው።

ኃላፊው ግን ወደ ጋቢናው ወጥቶ መቀመጫውን አነሳና የስልኩን መብራት አበራ። «ሁሉም ነገር ጭቃ ነው» አለ ከውስጥ። «ይቺ ቡሎን ግን እንደ ሙሽራ ታበራለች። ማን ነው ያስጌጣት?»

ሰብሳቢው ወደ ጆሮ ዞሩ። «ነክተሃታል?»

«ነክቻታለሁ።»

«ለመመርመር ነው የፈታሃት?»

የማምለጫውን በር ወለል አድርገው ነበር የከፈቱለት። አዎ ቢል አልዋሸም፤ በእርግጥም ለመመርመር ነው የፈታት። «አዎ» አለ።

«ጠዋት የሰማኸውና አሁን እኔ የሰማሁት አንድ ነው?»

ወንድሙ አየው። ጆሮ የወንድሙን ዓይን ሸሽቶ መሬት ላይ የፈሰሰውን የዘይት እድፍ አየ። አንዲት «አዎ» ብቻ ነበረች የቀረችው፤ አፉ ውስጥ አገላበጣት፣ አልወጣ አለችው።

«አይደለም» አለ። «የጠዋቱን ጠርጌ አጠፋሁት። የአሁኑን እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ተናገረ። በሕይወቱ ያን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ስለ ዝገቱ ተናገረ፣ ስለ ፉጨቱ ተናገረ፣ ማዕከልን ጠይቋት አለ። ማዕከል ተጠየቀች፤ እሷ የምታውቀው ያለችውን ነው፣ እሱ ምን እንደሰማ በምን ታውቃለች? ሰብሳቢው የአሥር ቃሉን ወረቀት መልሰው ዘረጉለት። «ይሄም ያንተው ጽሑፍ ነው» አሉት፣ በቁጣ አይደለም፣ እንደ ደከመ ሰው። ጆሮ የቀረውን አወጣ፤ «ሦስት ማመልከቻ አለ፣ ሦስቱንም ደብቀዋል፣ ዛሬ ጠዋት በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለ።

ኃላፊው አልተቆጣም። «ጆሮ ብለን ብለን አበላሸነው» አለ፤ ከኋላ የቆሙት ሳቁ። ጸሐፊው ተጠየቀ። እስክሪብቶውን እያየ «አልደረሰም» አለ። ቃሉ ከነመነሻው፣ ከነመድረሻው፣ አንድ ፊደል ሳይጎድልበት ለሁሉም ተሰማ።

ሰብሳቢው ቆመው ጻፉ። ሾፌሩ ሰምቶ ትእዛዝ እንደጣሰ፣ ቤተሰቡም ማስረጃ ለመፍጠር እንደሞከረ። ሁለት ጥበቃዎች መጡ። ወንድሙ እንዲይዙት አልጠበቀም፤ በመሀላቸው ገብቶ ራሱ መሄድ ጀመረ። ጆሮ አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

«ለምን እንደዋሸህ አልጠይቅህም፣ ጋሼ» አለው። «ለእኔ ብለህ ነው። እውነቱን የተናገርከው ግን ለማን ብለህ ነው?»

ጆሮ አፉን ከፈተ። ለእግዚአብሔር ብዬ ሊል ነበር። ቃሉ ከመውጣቱ በፊት እውነት መሆኑን ተጠራጠረና ተወው። ወንድሙም መንገዱን ቀጠለ። የሸሚዙ ጀርባ ላይ የካውያው መስመር እስከ በሩ ድረስ ቀጥ ብሎ ይታይ ነበር።

«በል እሰራት» አለው ኃላፊው ቡሎኗን በአገጩ እያመለከተ። «መኪናው ነገ ሥራ አለው፤ ሾፌር ተመድቦለታል።» ጆሮ ጋቢናው ላይ ወጣ፣ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ ግማሽ ዙሩን መለሰው። ከሬዲዮው የማዕከል ድምፅ ለሌላ መኪና «አትውጣ፣ ቆይ» ስትል መጣ። ሾፌሩም «እሺ፣ አልወጣም» አለ። ጆሮ መቀመጫውን መልሶ ገጠመና ወረደ።

ወደ ቤት የሚወስደው አውቶቡስ ሞልቶ ነበር። ቆሞ ሄደ። አንድ ሰውዬ ስለ ሽንኩርት ለጎረቤቱ ያወራል፤ አንዲት ሴት የታሰረች ዶሮ እግሯ ሥር አስቀምጣ ታንቀላፋለች። ጆሮ ለወንድሙ ሚስት የሚላትን ሲፈልግ ሦስት ፌርማታ አለፈው፤ ወርዶ በእግሩ ተመለሰ። ሲጀምራት የምትቆም፣ ሲያሳጥራት የምትረዝም አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችው። የግቢውን በር ገፋ። ቦዩ አሁንም እንደተደፈነ ነው። በሯ ላይ ደርሶ ሳያንኳኳ ከፈተችለት። «ጋሼ» አለችው። ከዚያ በትከሻው ላይ አሻግራ፣ ባሏ ከኋላው እየመጣ እንደሆነ ወደ ግቢው በር አየች።